የሸክላው ልባስና የገበታችን ጤና

ከመካከላችን ጀበናንና የሸክላ ድስትን «የኋላ ቀርነት ምልክት» የሚል፥ የሚያንጸባርቅ ባለ ቀለም ሳህን ሲያይ ግን «ሥልጣኔ ይህ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ፍርድ በኬሚስትሪ ሚዛን ሲመዘን ቀልሎ እንደሚገኝ በአጭሩ ላስረዳ።

ሳህኑን የሚያንጸባርቀው ምንድን ነው? በጭቃው ላይ ተቀብቶ በእሳት የቀለጠ፥ በባሕርዩ መስታወት የሆነ ልባስ ነው፤ ባለሙያዎች ግሌዝ ይሉታል። የመስታወት ዋና አካል ሲሊካ ነው። ሲሊካ ብቻውን ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ተራ የሸክላ ምድጃ እዚያ ስለማይደርስ በቀላሉ እንዲቀልጥ የሚረዳው ሌላ ማዕድን ይጨመርበታል። ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ከተመረጡት አንዱ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የሚገኘው ኦክሳይድ ነው። በ900 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል፤ ልባሱንም ያበራዋል። ለደማቅ ቢጫና ለቀይ ቀለም ደግሞ ካድሚየም ይገባል።

ልባሱ በትክክል ተመጥኖ በበቂ ሙቀት ከተተኮሰ እርሳሱ በመስታወቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በሚገባ ካልበሰለ፥ ወይም አረንጓዴ እንዲሆን መዳብ ከተጨመረበት ግን እስሩ ይላላል። ያን ጊዜ ሎሚ፥ ኮምጣጤ፥ ቲማቲም፥ ጠጅ ወይም የቦካ ሊጥ ሲያድርበት አሲዱ እርሳሱን እያሟሟ ያወጣዋል። በጥቂቱ ሲገባ በጣዕምም በሽታም አይታወቅም። በአጥንት ተከማችቶ ለዓመታት ይቆያል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት፥ ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በሜክሲኮ ብዙ ሕፃናት የተመረዙት በእንዲህ ያለው ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከሸጎሌ ተነሥቶ በጉለሌ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ቀጨኔ ይደርሳል። በዚያ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች በልማዳዊ ሥራቸው የመስታወት ልባስ አያውቁም። ጭቃውን በእጃቸው ያበጁታል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይወለውሉታል፤ ሜዳ ላይ ይተኩሱታል። ጥቁረቱ ከጢስ የመጣ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሟሸት ነው፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሰስ ዘይቱ በሙቀት ይደርቅና ልባስ ይሆናል። የናቅነው ዕቃ መስታወት ስለሌለው በመስታወት የሚደበቀው መርዝም የለበትም። ሠሪዎቹ ግን ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበዋል።

እርግጥ ሸክላ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ጭቃው ከተበከለ መሬት ከተቆፈረ፥ ወይም ዕቃው ለጌጥ የዘይት ቀለም ከተቀባ፥ ምግብ አይቀመጥበትም። የሚያንጸባርቅ ሁሉም መርዝ አይደለም፤ ያለ እርሳስ የሚሠራ ደህና ልባስ አለ። ችግሩ በዓይን የማይለይ መሆኑ ነው።

የሚለየው በምርመራ ነው። ዕቃው በ4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያም ወደ አሲዱ የወጣው እርሳስ ይለካል። የአውሮፓ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ ፈሳሽ ለሚይዙ ዕቃዎች በሊትር ከ4 ሚሊግራም እርሳስና ከ0.3 ሚሊግራም ካድሚየም እንዳይበልጥ ወስኗል።

የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ይህን ምርመራ በገበያችን ሳህኖች ላይ ቢሞክሩት ምንኛ መልካም ነበር! እስከዚያው ግን ምንጩን በማናውቀው ባለ ቀለም ዕቃ ሎሚና ጠጅ አናሳድር፤ የቀጨኔዋንም እናት በዕቃዋ አንናቃት።