አንድ ቁልፍ፣ አንድ አጻጻፍ

ጠዋት መካኒሳ ሚካኤል ተክሊል፣ ከሰዓት ብሔረ ጽጌ መናፈሻ፣ ማታ አዳራሽ፣ ከዚያ መልስ፣ ከዚያ ቅልቅል። የአንድ ሠርግ ፎቶ በሺህ ይቆጠራል። አልበሙ ከተሰጠ ከዓመት በኋላ የሙሽራዋ ወንድም ፎቶ ቤቱ መጥቶ «አባባ በመልሱ ዕለት ሲመርቁ የተነሡትን አውጡልኝ» ይላል። አባባ ዐርፈው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፎቶውን ቶሎ የሚያወጣው የተሰጠው መለያ ቃል ነው።

ብዙዎች መለያ ቃል መስጠትን የሚተዉት ጊዜ ስለሚበላ ነው። አቋራጭ ቁልፎች ጊዜውን ያሳጥራሉ። እኔ ግን ከፍጥነቱ የማስበልጠው ሌላ ጥቅም አላቸው፦ ቃሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲገባ ያደርጋሉ። በእጅ ሲጻፍ ዛሬ «ሠርግ»፣ ነገ «ሰርግ» ይሆናል። ሰው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ሠ እና ሰ የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ያልፈዋል። «ሥርዓት»ማ ስንት መልክ አለው!

የፎቶ ማደራጃው ፕሮግራም ላይትሩም ክላሲክ ዘጠኝ ቃላትን በአንድ ስብስብ ይይዛል፤ አልትን ይዞ ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች አንዱን መጫን ብቻ ነው። ለሠርግ የተዘጋጀ ስብስብም አብሮት ይመጣል፤ የተሰናዳው ለፈረንጅ ሠርግ ነውና መልስንም ቅልቅልንም አያውቅም። የራስን መሥራት ይሻላል፦ ተክሊል፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ፣ ኬክ፣ ምርቃት፣ ሚዜዎች፣ ቤተ ዘመድ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ገንዘብ በማይከፈልበት ሌላ ፕሮግራም፣ በዲጂካምም፣ ለእያንዳንዱ መለያ የራሱን ቁልፍ መስጠት ይቻላል።

ቃላቱን አንድ ጊዜ በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ላይትሩም ውስጥ ፎቶ ለመምረጥ የ«P»ን፣ ለመጣል የ«X»ን ቁልፍ ሲጫኑ ትእዛዙ ላይደርስ ይችላል። ካፕስ ሎክ ሲበራ ደግሞ ምልክት በተሰጠ ቁጥር ቀጣዩ ፎቶ በራሱ ይመጣል።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መለየትም አያስፈልግም። በተነሡበት ሰዓት ከተደረደሩ ተክሊሉ ራሱ ተከታትሎ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያውን ነክቶ፣ ሺፍትን ይዞ የመጨረሻውን መንካት፣ ከዚያ አልትና 1። የሁለት ካሜራዎች ሰዓት ካልገጠመ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል። አንዱ በሀበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ የተክሊሉ ፎቶ ከመናፈሻውና ከአዳራሹ መሀል ይገባል። ስለዚህ አስቀድሞ የአንዱን ካሜራ ፎቶዎች በሙሉ መርጦ፣ የተነሡበትን ሰዓት በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይገባል።

ላይትሩም ቃላቱን መጀመሪያ የሚያስቀምጠው በራሱ ካታሎግ ውስጥ ነው። ካታሎጉ ከጠፋ ቃላቱም አብረው ይጠፋሉ። ሁሉንም መርጦ ኮንትሮልና ኤስን መጫን መለያውን ከፎቶው ፋይል ጋር ያጽፈዋል፤ ፎቶ ቤቱ ነገ ኮምፒውተር ቢቀይር እንኳ «ምርቃት» ብሎ የሚፈልግ ሰው አባባን ያገኛቸዋል።