ዲኤንኤን የሚቆርጡ «መቀሶች» እና የፋንኮኒ የደም ማነስ

የሰውነታችን ሕዋሳት የሥራ መመሪያቸውን የሚያገኙት ዲኤንኤ ከተባለው ባለ ሁለት ክር ሞለኪውል ነው። ይህ መመሪያ በፀሐይ ጨረር፣ በሲጋራ ጭስ፣ እንዲሁም ሰውነት ራሱ በሚያመርታቸው ኬሚካሎች በየቀኑ ይጎዳል። አብዛኛው ጉዳት ሳይታወቀን ይጠገናል። ከጠጋኞቹ መካከል ቅርንጫፍ ያወጣ ዲኤንኤን ለይተው የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይገኛሉ።

መቀሶቹ ምን ይሠራሉ?

ሁለቱም የዲኤንኤ ክሮች ሲበጠሱ ሕዋሱ ጤናማውን ቅጂ እንደ ናሙና ይጠቀማል። የተበጠሰው ጫፍ ወደ ጤናማው ቅጂ ገብቶ የጎደለውን ይገለብጣል። በዚህ መሀል ሁለቱ ዲኤንኤዎች እንደ መስቀለኛ መንገድ ይቆላለፋሉ። ቅርጹን እ.ኤ.አ. በ1964 ያብራራው እንግሊዛዊው ሮቢን ሆሊዴይ ስለሆነ «የሆሊዴይ መገናኛ» ይባላል። ሕዋሱ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት መገናኛው መፈታት አለበት፤ ካልተፈታ ክሮሞዞሞቹ ተያይዘው ይጎተቱና ይሰባበራሉ። ጂኢኤን1 እና መስ81 የተባሉት ኢንዛይሞች ይህን መገናኛ ከሚቆርጡት ውስጥ ናቸው።

የጥገናው ሥርዓት ሲበላሽ

አንዳንድ ጉዳት ሁለቱን ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃል። ያን ጊዜ ኤክስፒኤፍ የተባለው መቀስ ኤስኤልኤክስ4 በተባለ ፕሮቲን ላይ ተደግፎ የተጣበቀውን ቦታ ቆርጦ ያላቅቃል። መቀሱን ወደ ቦታው የሚጠሩ ሌሎች ብዙ ፕሮቲኖችም አሉ። ከነዚህ በአንዱ ጂን ላይ ጉድለት ሲኖር የፋንኮኒ የደም ማነስ ይከሰታል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1927 የገለጸው ስዊዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ጉይዶ ፋንኮኒ ነው። እስካሁን ከ20 በላይ ተያያዥ ጂኖች ታውቀዋል። በሽታው በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ ቢሆንም የአጥንት መቅኒን ስለሚያደክም ከባድ ነው።

የዘመድ ጋብቻና በሽታው

በሽታው በአብዛኛው የሚወረሰው ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው «ተሸካሚ» ይባላል፤ የደም ማነሱ አይታይበትም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

ከገዋኔ እስከ ሰመራ ባለው የአፋር ማኅበረሰብ «አብሱማ» የተባለው ጋብቻ፣ በተለይም ወንዱ የአባቱን እህት ልጅ የሚያገባበት፣ የቆየ ልማድ ነው። የአክስትና የአጎት ልጆች ከአያቶቻቸው ተመሳሳይ ጂን ሊወርሱ ስለሚችሉ ሁለቱም ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ከባዕዳን ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ከእንዲህ ያለ ጋብቻ የሚወለድ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ጤነኛ ናቸው።

መቼ እንጠርጥር?

በአዋሽ ሸለቆ የገረጣ ልጅ ሲታይ በቅድሚያ የሚታሰበው ወባና የብረት እጥረት ነው፤ ትክክልም ነው። የሚከተሉት ሲታዩ ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል፦

• ወባው ታክሞ፣ የብረት እንክብሉም ተወስዶ የማይሻሻል የደም ማነስ
• ተደጋጋሚ ነስር፣ የድድ መድማት ወይም ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰንበር
• ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ኢንፌክሽን
• ከዕድሜ እኩዮቹ በጣም ያጠረ ቁመት፣ የአውራ ጣት አለመኖር ወይም መበላሸት፣ በቆዳ ላይ ወተት የበዛበት ቡና የሚመስል ጠቃጠቆ
• በቤተሰቡ ውስጥ በተመሳሳይ ሁኔታ የታመመ ወይም የሞተ ልጅ

ምን ማድረግ ይቻላል?

መጀመሪያ ሙሉ የደም ምርመራ ይደረጋል። ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲሁም ፕሌትሌት አብረው ካነሱ ልጁ የሕፃናት የደም ሕክምና ወዳለበት፣ እንደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ወዳለ ሆስፒታል መላክ አለበት። በሽታው የሚረጋገጠው ክሮሞዞም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር በሚያሳይ ልዩ ምርመራ ነው። የመቅኒውን ድካም የሚያድነው ከሌላ ሰው የሚወሰድ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው፤ እስከዚያው ደም መስጠትና ኢንፌክሽንን ማከም ሕይወት ያተርፋል።

እነዚህ ሕሙማን ለደም ካንሰርና ለአፍ ካንሰር የተጋለጡ ስለሆኑ ከሲጋራና ከአልኮል መራቅ ይኖርባቸዋል። ካንሰር ከያዛቸው ደግሞ የተለመደው መጠን ያለው ጨረርና አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ሊገድላቸው ይችላል። ስለዚህ የትም ሲታከሙ በሽታቸውን አስቀድመው ለሐኪሙ መንገር አለባቸው።

በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ከሚቀጥለው እርግዝና ወይም ከሚታሰበው ጋብቻ በፊት ሐኪም ያማክሩ። የታመመው ልጅ ወንድሞችና እህቶችም ጤነኛ ቢመስሉ እንኳ ይመርመሩ።