ቆጠራ የወጣው ልጅ

በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ዘመዴ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «አንተ ሕግ አዋቂ ነህ፤ ልጄን አስመልስልኝ» አለኝ። ልጁ የ16 ዓመት ጎረምሳ ሲሆን ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጦ፣ ደብተሮቹን አልጋው ላይ ጥሎ፣ ደበሎ ለብሶ ቅኔ ቤት ገብቷል። አባት ያሰበው መምህሩን «አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አስኮብልለዋል» ብሎ መክሰስ ነበር። እኔም እንደ ሙያዬ ወግ «እስቲ በመጀመሪያ ልጁን ልስማው» አልኩና አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ልጁን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ እኛ ቤት ሁለት ክረምት ከርሟል። ሲጠሩት አንገቱን ይደፋል፤ ሲጠይቁት «እ» ብሎ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት ሲያቆሙት አፉ ይተሳሰር ስለነበር ጓደኞቹ «ዲዳው» የሚል ስም አውጥተውለታል። እናቱ ጠበል አመላልሳዋለች፤ አባቱ ደግሞ የሒሳብና የእንግሊዝኛ አስጠኚ ቀጥሮለታል። ጠበሉም አስጠኚውም አንደበቱን አልፈቱትም።

ቅኔ ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው፤ ቦታውን አልጠራውም። ስደርስ ቀትር ነበር። በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝና የጠበቅሁት እንደ ንብ የሚተም የተማሪ ድምፅ ነበር። አካባቢው ግን ጭር ብሏል። «ተማሪዎቹ የታሉ?» ብዬ ብጠይቅ አንድ አዛውንት «ቆጠራ ወጥተዋል» አሉኝ። ወደ ቁጥቋጦው ዘወር ብል፣ እዚህም እዚያም ደበሎና ነጠላ የተከናነቡ፣ ጉልበታቸውን ያቀፉ፣ ከንፈራቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ልጆች ተበታትነው ተቀምጠዋል። አንዱ የእኛው ዝምተኛ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው ከተሜ አንባቢ ላስረዳ። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ተማሪው ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው የተቀበለውን ሳያዛንፍ በመያዙ ነው። ከመምህሩ ቃል አንዲት ፊደል ቢያጎድል ወየለት። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። እርግጥ ነው፣ ግስ ያጠናል፤ ርባታና አገባብ ይማራል፤ ይህ ወራት የሚፈጅ ደረቅ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የራሱን ነው። የመጀመሪያው ጉባኤ ቃና ይባላል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ ነው። ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት ቤት አላቸው፤ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም ወዲያ ያልፋል። ተማሪው ቀን ሜዳ ወጥቶ ብቻውን ያወጣል ያወርዳል፤ ይህ ነው ቆጠራ። ማታ መጥቶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያሰማል፤ ይህ ደግሞ ነገራ ነው። ግሱ ከተሳሳተ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተጋጠሙ እዚያው ይታረማል። በመጨረሻ መምህሩ ራሳቸው «ይዘርፋሉ»፤ ማለትም በዚያች ሰዓት የመጣላቸውን አዲስ ቅኔ ያወርዳሉ። በወንጀል ሕግ ትምህርት ቤት ለዓመታት ስለ ዝርፊያ የተማርኩ ሰው፣ መዝረፍ የሚያስመሰግንበትን ብቸኛ ቦታ እዚህ አገኘሁ።

አንድ ሌላ ደንብ አለ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቅኔ ቤቶች ግን ጉዳዩን ያለ ፍርድ ቤት ከጨረሱት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የቅኔ ቤት ስልት ሲቆጠር ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ይባላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ጎጃሜ በዚህ ቢኮራ አይፈረድበትም።

አመሻሽ ላይ ነገራ ተጀመረ። የእኛው ልጅ ተራ ሲደርስ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊቴን ማዞር ቃጣኝ። ልጁ ተነሣ፤ ትንሽ ቆየ፤ ሁለቱን ቤት ተናገረ። የእኔ ግዕዝ ደካማ ስለሆነ ትርጉሙን በኋላ ነው ያስረዱኝ። ሰሙ ቀንበር ተሸክሞ ሲያርስ ውሎ የደከመ በሬ ነው፤ ወርቁ መስቀሉን ተሸክሞ ቀራንዮ የወጣው ክርስቶስ። እርሻውን ጎልጎታ፣ እሸቱን የአዳም መዳን አድርጎታል። መምህሩ አንድ ግስ አረሙና እንደገና እንዲለው አዘዙት። ደገመው። «ይበል!» አሉ። ተማሪው ሁሉ ተቀበላቸው።

ማታ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጠን አወራን። አዎ፣ አወራን። ክፍል ውስጥ ለምን እንደማይናገር ስጠይቀው «እዚያ የሚጠይቁኝ እነሱ የሚያውቁትን ነው፤ ስሳሳት ይስቃሉ። እዚህ የሚጠይቁኝ እኔ ያሰብኩትን ነው» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ይበል» የተባለ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገረኝ።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ ተንትኗል። ከምንጮቹ ሁሉ ብርቱው ራስ ሞክሮ መወጣት ነው፤ መሰሎቹ ሲወጡት ማየትም ይረዳል። «ጎበዝ ነህ፣ አይዞህ» የሚለው ቃል ግን ብቻውን አቅሙ ትንሽ ነው። እኛ የከተማ ወላጆች ደግሞ የምናበዛው ይህንኑ ነው። ልጄ ክብ ስትስል «ዋው» ብዬ አሞግሳታለሁ፤ ስልኬን ሳልለቅ። ቅኔ ቤት ሙገሳ ውድ ነው። ሥራው ግን ለጀማሪ እንዲመች ተደርጎ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በየማታው የሚያርም ጆሮ አለ፤ ጎኑ የተቀመጠው ልጅ ባለፈው ዓመት እንደሱው ሲንተባተብ የነበረ ነው።

ከዚህ ጓሮ የወጡትን እናውቃቸዋለን። ደብረ ኤልያስ የተወለደው ዮፍታሔ ንጉሤ በቅኔ የሠለጠነ አንደበቱን ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ የቴአትር ደራሲ ሆነ። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም ከአስኳላ በፊት የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ዋናውን ሰው በዛብህን ያደረጉት የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በልጅነታቸው ዐይናቸውን አጡ፤ ሴት ልጅ ቅኔ ቤት በማትታይበት ዘመን ከአባታቸው ቅኔ ተማሩ፤ በኋላም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ።

ይህን ስል ቅኔ ቤትን ገነት እያደረግሁት አይደለም። የዚያን ሌሊት ብርድ አጥንቴ ድረስ ነበር የተሰማኝ። ልጁ እግሩ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለው፤ አኮፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያገኘው ነው። ለመታከም ጤና ጣቢያ የሄደው በሦስተኛው ቀን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ተርቦ የሚመለስ፣ በእከክ የሚሰቃይ፣ ግሱን ሳይጨርስ የሚጠፋ ብዙ ነው። የአባቱ ሥጋት እውነተኛ ሥጋት ነው።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ደግሞ፣ ልጁ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሐሳቡ እንዲሰማ ያዛል። ዘመዴን «ልጁን ጠይቀኸው ታውቃለህ?» ብለው «አይናገርማ!» አለኝ። ሕግ አውጪው ይህን መልስ የጠበቀ አይመስለኝም።

በማግስቱ ለምኜ አመጣሁት። መሸት ሲል ደርሰን ለማንም ሳንታይ ከኋላ፣ አጥሩ ሥር ቆምን። ነገራው ቀጥሏል፤ ጨለማ ስለሆነ ፊት አይለይም። ሦስት አራት ልጆች ካለፉ በኋላ አንዱ በጠራ ድምፅ ቅኔውን አሰማ፤ «ይበል!» ተባለ። ዘመዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄኛው ጎበዝ ነው፤ የማን ልጅ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የክስ ነገር አላነሳብኝም። ልጁ እስከ ሐምሌ እንዲቆይ፣ ከዚያ በማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍልን እንዲጨርስ፣ ስንቁም ከቤት እንዲላክለት ከመምህሩ ጋር ተስማማን። ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ዘመዴ መንገዱን ሙሉ የጠየቀኝ፣ የጫማ ቁጥሩ ስንት ደርሶ እንደሆነ አይቼ እንደሆን ነበር።