ሞሰቡ ሞልቷል፤ ማዕዱስ የተሟላ ነው?

ጎተራው ሞልቶም ልጅ ሊቀነጭር ይችላል። በ2011 ዓ.ም የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ያለመ ነው። ለመቀንጨር ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የምግብ ስብጥር ማነስ ነው።

ለመሆኑ አንድ ቤተሰብ የዕለት ማዕዱ የተመጣጠነ መሆኑን በምን ያውቃል? ለመነሻ ያህል ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል።

በ2014 ዓ.ም ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች አሰባጥሮ መመገብን ይመክራል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ምግቦች በ10 ይመደባሉ። እነዚህም እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝና የቅባት እህሎች፣ ወተትና እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል፣ ቫይታሚን ኤ ያላቸው እንደ ዱባ፣ ካሮትና ማንጎ ያሉ፣ ሌሎች አትክልቶች እንዲሁም ሌሎች ፍራፍሬዎች ናቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ከ5ቱ መመገብ ያስፈልጋል።

ቡና፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቅቤና በርበሬ በቁጥሩ አይገቡም። ለአንድ ሰው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ምግብም አይቆጠርም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ እራት እንጀራ በድንች ወጥ የቀረበበት ቤት ሦስት ጊዜ ተበልቷል፤ ሲቆጠር ግን የተገኘው ሁለት ምድብ ብቻ ነው። ዳቦ፣ እንጀራና ድንች በአንድ ምድብ ውስጥ ናቸውና። በእንጀራ ፋንታ ፓስታ ወይም መኮሮኒ ቢተካም ቁጥሩ አይጨምርም። በምሳው ላይ ጎመን፣ በእራቱ ላይ እንቁላል፣ ቀጥሎም ማንጎ ወይም ዱባ ቢታከልበት ግን አምስት ይሞላል። በጾም ወቅት የእንቁላሉን ቦታ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት ሊተካ ይችላል።

ከ6 እስከ 23 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ምድቦቹ 8 ሲሆኑ የእናት ጡት ወተት አንዱ ነው፤ ከእነዚህም ቢያንስ 5ቱ ያስፈልጋሉ። ቀጭን ገንፎ ብቻውን የሕፃኑን ፍላጎት አያሟላም።

አርሶ አደሩ ልብ ሊለው የሚገባው ሌላው ጉዳይ ገበያው ነው። እንቁላሉና ወተቱ በሙሉ ተሽጦ በገንዘቡ ስኳርና መኮሮኒ ሲገዛ፣ ከማዕዱ የጎደለው ምድብ ሳይተካ ይቀራል። ከሚሸጠው ላይ ለእናትና ለሕፃን አስቀድሞ ማስቀረት ይህን ክፍተት ያጠባል። የከተማ ነዋሪም ለአስቤዛ ከመውጣቱ በፊት ደብተሩን ቢያይ የትኛው ምድብ እንደጎደለ ይረዳል።

ይህ ቆጠራ ስብጥርን እንጂ መጠንን አይለካም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረውን ማስታወስ ይገባል፦ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብ፣ ጨውን ደግሞ ከ5 ግራም ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ። ቡናና ሻይም ከእህልና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይሰርግ ስለሚያውኩ፣ ከምግብ ጋር ከመጠጣት ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይሻላል።

ደብተሩን ለመያዝ በአንድ ገጽ ላይ አሥር ዓምዶችን ማስመርና በየማታው የተበላውን ምልክት ማድረግ በቂ ነው፤ ይህንንም ተማሪ ልጅ ሊሠራው ይችላል። ከሳምንት በኋላ ባዶ ሆኖ የተገኘው ዓምድ በጓሮ ምን መትከል እንደሚገባ ያመለክታል። ቅጠላ ቅጠሉ ከጎደለ ቆስጣና ጎመን ከእጅ መታጠቢያ በሚተርፍ ውኃ በትንሽ መደብ ላይ ይበቅላሉ። የልጁ ክብደት ወይም ቁመት መጨመር ካቆመ ግን ደብተሩን ሳይጠብቁ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወስዶ ማስለካት ያስፈልጋል።