የት ላይ ነው የቆመው?

ኮምፒውተሩ ይበራል፤ ፋኑ ይሽከረከራል፤ የአምራቹ ሎጎ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አስር ደቂቃ ቢጠበቅም ሎጎው እዚያው ነው። «ስታክ አደረገ» ተብሎ ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ እዚያም ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ በዚህ ውሳኔ ሊጠፋ ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ ችግሩን ፎርማት ብዙ ጊዜ የማይነካው መሆኑ ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የተባለ ፕሮግራም ቀድሞ ይነሳና ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን ይፈትሻል። ማሽኑ ሎጎው ላይ ብቻ ከቀረ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ተራ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ከሎጎው ስር ትንንሽ ነጠብጣቦች መዞር ጀምረው ከቆመ ግን ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ተበላሸ ድራይቨር ይዞራል።

ከሁሉ በፊት ከኪቦርድ፣ ከማውስና ከስክሪን በስተቀር የተሰካው ሁሉ ይነቀል። ተረስቶ የቀረ ፍላሽ ብቻውን ማሽኑን ሊያቆም ይችላል፤ ባዮሱ ዊንዶውስን ፍላሹ ላይ ሲፈልግ ይቀራልና።

በአሮጌ ዴስክቶፕ ቀጥላ የምትጠረጠረው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። ቁጥሩ ራሱ ልኳን ይናገራል። ስትደክም ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባዮሱ የያዘው የዲስክ አሠራርም ሊለወጥ ስለሚችል ጤነኛው ዊንዶውስ አልነሳም ይላል። ማሽኑ ተነስቶ ድረ ገጾች «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አልከፈት ካሉም ቀኑን ማየት ይበጃል።

ራሙም አቧራና ዝገት ይይዘዋል። ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። ጎንና ጎን ያሉት መያዣዎች ሲከፈቱ ራሙ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብለው ይታሻሉ፣ ፍርፋሪው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፣ ከዚያ መያዣው «ቀጭ» እስኪል ይጫናል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር የታመመውን ይለያል።

ከውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከተሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የሚሞት ሃርድ ዲስክ ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ደጋግሞ ማብራት የቀረውን ፋይል ሊጎዳ ይችላል። ዲስኩ ወጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፤ የማይተካው ፋይል ቀድሞ ይገለበጣል፤ በቦታው ኤስኤስዲ ይገባል፤ ዊንዶውስም የሚጫነው አዲሱ ላይ ነው። አሮጌው ዲስክ ፎቶዎቹ ሁሉ መከፈታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ አይጣልም።