ወንዶች ስለሚሸሽጉት ሕመምና ስለ መድኃኒቱ ምርመራ

ሰው ራሱን ቢያመው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጥርሱን ቢያመው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ መድኃኒት ይጠይቃል። ስለ አንድ ሕመም ግን ለሐኪም እንኳ ሳይናገር ዓመታት ያሳልፋል። ይህም ወንድ ከሚስቱ ጋራ በሚገናኝበት ጊዜ አባለ ዘሩ ሳይቆም፥ ወይም ቆሞ ሳይጸና የሚቀርበት ሕመም ነው። እንዲህ ያለው ነገር በቤተ ሰብ ዓምድ ላይ ሊጻፍ አይገባውም የሚሉ አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሚስት ባሌ ሌላ ወዷል ብላ የምትጠረጥርበትን፥ ባልም በኀፍረት አምሽቶ የሚገባበትን ቤት ያየ ሰው፥ የጉዳዩ ትክክለኛ ቦታ ይኸው ዓምድ መሆኑን ሳይቀበለን አይቀርም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ሕመሙ በአማርኛ ስንፈተ ወሲብ ይባላል። ስንፈት ማለት ሰነፈ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ስንፍናና ሰነፍ የሚሉትም ቃላት ከዚያው ከአንዱ ምንጭ ናቸው። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባብያን እንደምታስተውሉት፥ ቃሉ ሰውዬውን ታሟል ከማለት ይልቅ ሰንፏል ብሎ የሚከስሰው ይመስላል። እንግሊዞችም ቀድሞ ኢምፖተንስ የሚሉት ስም አቅመ ቢስነት የሚል ትርጓሜ ነበረው። በ1992 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ሊቃውንት፥ ይህ ስም የሚያዋርድና ልክ የሌለው ነው በማለት በሌላ እንዲተካ መከሩ። ከዚያ ወዲህ በሐኪሞች ዘንድ የመቆም ችግር ተብሎ ይጠራል።

ስሙ የተለወጠው የሕመሙ ምክንያት ስለ ተገለጠ ነው። ለብዙ ዘመን ብዙዎች ሐኪሞች ሳይቀሩ ነገሩን ከሐሳብና ከጭንቀት የሚመጣ አድርገው ይመለከቱት ነበር። በ1982 ዓ.ም. ሮናልድ ቪራግ የተባለው የፓሪስ የደም ሥር ቀዳጅ ሐኪም፥ የደም ሥርን የሚያላላ መድኃኒት በአባለ ዘር ውስጥ በመርፌ ቢሰጥ መቆምን እንደሚያስከትል ጽፎ አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛዊው ሊቅ ጃይልስ ብሪንድሊ በላስ ቬጋስ ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ እንዲህ ያለውን መድኃኒት አስቀድሞ በራሱ ላይ ወግቶ መጣና፥ ንግግሩን ሲፈጽም ውጤቱን በገሃድ ለጉባኤው አሳየ። አቀራረቡን ጨዋነት ያለው ነው ለማለት ያስቸግረናል፤ ማስረጃነቱን ግን ሊክድ የሚችል አልነበረም። በአዳራሽ ቆሞ የሚያስተምር ሰው አንዳች የፍትወት ሐሳብ ሳይኖረው ይህ ከሆነለት፥ ነገሩ በዋነኛነት የደምና የደም ሥር ጉዳይ መሆኑ ነውና።

መርፌው ቢሠራም የሚወደው ጥቂት ሰው ነበር። የሚዋጠው መድኃኒት የተገኘው ግን ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ አገር ክፍል፥ ሳንድዊች በምትባል ከተማ (ስሟን ከዳቦው ጋራ የምትጋራ ናት) የፋይዘር ኩባንያ ቀማሚዎች በ1989 ዓ.ም. ለልብ ውጋት ይሆናል ያሉትን አንድ ቅመም ሠሩ፤ ኋላም ሲልዴናፊል ተባለ። ለልቡ ሕመም ያሳየው ጥቅም አነስተኛ ነበር። ዳሩ ግን በዌልስ አገር በጤነኞች ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር፥ ከነርሱ አንዳንዶቹ ያልተጠበቀ ነገር እንደ ገጠማቸው ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች አፍረው ዝም ቢሉ ኖሮ መድኃኒቱ ምናልባት ከመደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር።

አሠራሩን በመስኖ ብንመስለው ይቀላል። ሰው ፍላጎት ባደረበት ጊዜ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ነገር ይለቅቃሉ፤ ይህም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚያላላ ሌላ ንጥረ ነገር እንዲበዛ ያደርጋል፤ በሩ ተከፍቶ ውኃው ወደ እርሻው እንደሚገባ ደሙ ይገባና ይሞላል። በሰውነት ውስጥ ደግሞ ይህን በር የሚዘጋ ዘበኛ አለ። ሲልዴናፊል የዘበኛውን እጅ ይይዛል እንጂ በሩን ራሱ አይከፍትም። ስለዚህ ፍላጎት በሌለበት ክኒኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። የናይትሪክ ኦክሳይድን ነገር የመረመሩት ፈርችጎት፥ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በ1998 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር መድኃኒቱ ቪያግራ በሚል ስም በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በግንቦትም የምርመራው ውጤት በታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከምርመራው አንደኛው ክፍል 329 ወንዶችን ይዞ 12 ሳምንት የቆየ ነው። እኩሌቶቹ ያህል እውነተኛውን ክኒን፥ የቀሩትም በመልክ እርሱን የሚመስል ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ወሰዱ፤ ማን የቱን እንደ ወሰደ ሐኪሙም በሽተኛውም አያውቁም። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት እውነተኛውን ከወሰዱት ዘንድ ከመቶ ሙከራ 69 ያህሉ ተሳካ። ባዶውን ከወሰዱትስ ዘንድ? ከመቶ 22።

በዚህ በ22 ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን። ተስፋ፥ የሚያደምጥ ሐኪም መኖሩ፥ ከሚስት ጋራም ነገሩን መነጋገር ይህን ያህል ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን፥ በገበያ ቅጠልና ሥር የሚሸጥ ሰው በመድኃኒቴ የዳኑ እነሆ ብሎ ምስክሮች ቢያቆም ምስክሮቹ ሐሰተኞች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቅጠሉ ግን ከባዶው ክኒን የማይሻል ሊሆን ይችላል። ከባዶው ጋራ ካልተመዛዘነ ማንም ሊለየው አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጣሊያን አገር ሐኪሞች በድንገተኛ የደረት ሕመም ወደ ሆስፒታል መጥተው የልባቸው ደም ሥር የጠበበ ሆኖ የተገኘ 300 ወንዶችን መረመሩ፤ ውጤቱም በ2003 ዓ.ም. ታተመ። ከነዚህ እኩሌቶቹ ያህል የመቆም ችግር ነበረባቸው። ችግሩ ካለባቸውም ከመቶ 67ቱ የተቸገሩት ደረታቸው ሳይታመም በፊት ሲሆን፥ በመካከሉ በአማካይ 39 ወር ያህል አለፈ። ሐኪሞች የሚሰጡት ምክንያት ይህ ነው፤ የአባለ ዘር ደም ሥር ከልብ ደም ሥር የቀጠነ ስለ ሆነ፥ ስብና ሲጋራ ስኳርም የሚያመጡት ጥበት አስቀድሞ የሚታወቀው በቀጭኑ ነው። እንግዲህ ሕመሙን ለሦስት ዓመት የሸሸገ ሰው የሸሸገው ስለ ልቡ የመጣለትን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ክኒኑን በሹክሹክታ ገዝቶ በሥውር መዋጥም ከዚህ የከፋ አደጋ አለው። ለልብ ውጋት ናይትሮግሊሰሪንን የመሰለ የናይትሬት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልዴናፊልን ቢጨምርበት፥ ሁለቱም የደም ሥርን የሚያላሉ ናቸውና የደሙ ግፊት በድንገት ወድቆ ሊሞት ይችላል። ሐኪም ክኒኑን ከመፍቀዱ በፊት ስለ ልብ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው። ሚስትም ባሏ የሚወስደውን ሁሉ ብታውቅ መልካም ነው፤ ሌሊት ራሱን ስቶ ቢወድቅ ለሐኪሙ የምትናገረው እርስዋ ናትና።

ክኒን የሌለበት ምርመራም ተደርጓል። በኔፕልስ አካባቢ ያሉ ሐኪሞች ከመጠን በላይ የወፈሩና ይህ ችግር ያለባቸው፥ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆነ 110 ወንዶችን በሁለት እኩል ከፈሏቸው። 55ቱ ክብደታቸውን እንዲቀንሱና በእግር እንዲሄዱ በዝርዝር ተመከሩ፥ ተከታተሏቸውም፤ ለሌሎቹ 55 ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ ጠቅላላ ምክር ብቻ ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ2004 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ ከመጀመሪያዎቹ 17ቱ ወደ ጤናቸው ተመልሰው ተገኙ፤ ከሁለተኞቹ 3 ብቻ።