የላስታ ክረምትና የእኛ ሰደቃ

እጃችን የሚፈታባቸው ወራት ይታወቃሉ። ረመዷን ሲገባ የሒሳብ ቁጥሮች በየስልካችን ይዘዋወራሉ፤ ለዒድ አል-አድሓ ኡዱሒያው ይታረዳል፤ ከዚያ ነገሩ ቀዝቀዝ ይላል። በሰሜን ወሎ፣ በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ደጋዎች በጦርነት ለተጎዱ ወገኖች መርዳትን ስናስብ ግን "ስንት እንስጥ?" ከሚለው በፊት "መቼ እንስጥ?" የሚለው መቅደም አለበት ብለን እናምናለን።

የላስታ ገበሬ በአብዛኛው ገብሱን፣ ስንዴውንና ባቄላውን በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ የሚያጭደው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። በልግ ከሚያበቅሉት ቀበሌዎች በቀር፣ ክረምት ማለት ጎተራው ባዶ የሚሆንበት፣ እርሻው ግን ከሁሉ ጊዜ በላይ ጉልበት የሚጠይቅበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚበላው ለዘር ያስቀመጠውን ነው። ቀጥሎ በሬውን ይሸጣል። እርዳታው በጥር ቢደርስለትም የሚያርስበት በሬና የሚዘራው ዘር የለውም።

ጦርነቱም የደረሰው በዚሁ ወቅት ነበር። የህወሓት ኃይሎች ላሊበላን የያዙት ሐምሌ 29 ቀን 2013 ነው። ከተማዋ ኅዳር 22 ቀን 2014 በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመለሰች፤ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ዳግም ተያዘች፤ በዚያው በታኅሣሥ ወር እንደገና ተመለሰች። የአረሙም የአጨዳውም ጊዜ በዚህ መሀል አለፈ። ከሰሜን ወሎ ሸሽቶ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተጠለለው ሕዝብ፣ ደሴ ራሷ በጥቅምት 2014 መጨረሻ የውጊያ ቀጠና ስትሆን ዳግም ተሰደደ። በኮምቦልቻ የነበሩ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ተዘረፉ፤ ለተጎዱ ሕጻናት የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ሳይቀር መወሰዱንና በዚህም የተነሳ በኮምቦልቻና በደሴ እደላ መቋረጡን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በወቅቱ አስታውቋል።

እርዳታው ለመሆኑ እንዴት ነው የሚደርሰው? በክልሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አገር በቀል ድርጅት የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት፣ ማለትም አመልድ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ በ1977ቱ ድርቅና በእርስ በርስ ጦርነቱ ለተጎዱ ሰዎች ለመድረስ ነው የተመሠረተው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እህል ካከፋፈሉት አንዱ በካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ የሚመራው የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጥምረት ሲሆን፣ አመልድ የዚህ ጥምረት አጋር ነበር።

የተለመደው ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ (ብዙ ጊዜ ክክ) እና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። በቀን ግማሽ ኪሎ ስንዴ መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ ይህ ነው፤ ቀበሌ ሲደርስ ግን መልኩ ይለወጣል። የተፈቀደው ኮታ ለሁሉም ችግረኛ አይበቃምና ስሙ የተመዘገበው ካልተመዘገበው ጎረቤቱ ጋር ይካፈላል። ወሎ ውስጥ ስንዴ ተሸክሞ በተራበ ጎረቤት ደጃፍ ማለፍ ይከብዳል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛ አንፈርድበትም።

ሌላው ብዙም የማይነገርለት ነገር ወፍጮ ነው። የሚታደለው እህል እንጂ ዱቄት አይደለም። ላሊበላ ጦርነቱ ከራቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይታለች። መብራት በሌለበት ወፍጮው በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ ናፍጣ ሲወደድ የማስፈጫው ዋጋም ይወደዳል። ሰባ አምስት ኪሎ ስንዴ የተቀበለች የአምስት ቤተሰብ እናት ከዚያው ላይ ቀንሳ ሸጣ ታስፈጫለች፤ ካልሆነም ቆሎና ንፍሮ ነው።

በሰኔ 2015 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ከታለመላቸው ሰዎች እጅ እየወጣ ለሌላ እየዋለ ነው በማለት በመላው ኢትዮጵያ እደላ አቆሙ። የአሜሪካው እርዳታ ለብዙኃኑ የተመለሰው በኅዳር 2016 ገደማ ነው። ስርቆቱ መጣራት ነበረበት፤ ነገር ግን ክረምቱን በሙሉ ያለ ቀለብ ያሳለፈው ሌባው አልነበረም። በዚያው ክረምት፣ ገና ሐምሌ ሳይወጣ፣ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ መካከል የተነሳው ውጊያ ላሊበላ ደረሰ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ከበረራ ውጪ ሆነ። ከወልዲያ በጋሸና በኩል የሚያስገባው መንገድ ከዚያ ወዲህ በውጊያ ምክንያት ተደጋግሞ ተዘግቷል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ያ ትልቁ የስንዴ ምንጭም የማይታመን ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት የፊቅህ ጥያቄዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው፣ ላስታ አብዛኛው ነዋሪው ክርስቲያን ነው፤ ለእነርሱ መስጠት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ግዴታ የሆነውን ዘካ አብዛኞቹ ዑለማዎች ለሙስሊም ችግረኛ ይገድቡታል። ሰደቃ ግን ለማንኛውም የተቸገረ ሰው ይሰጣል። ሱረቱል ኢንሳን ከሚስኪንና ከየቲም ጋር ምርኮኛን ማብላትን ያወድሳል፤ ያኔ በሙስሊሞች እጅ የነበረው ምርኮኛ ሙስሊም ያልሆነ ሰው እንደነበር ሙፈሲሮች ያስረዳሉ። በእርግጥ በአንድ ቤት ሁለቱም እምነት ለሚገኝበት ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የጊዜው ጉዳይ ነው። ረመዷን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ አሁን የሚውለው በበጋ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ ብዙ ሳይቆይ ነው። ሰደቃ ወር አይጠብቅም። ዘካንም ቢሆን ኒሷብ የሞላለት ሰው ዓመቱ ሳይደርስ ቀድሞ ቢያወጣ የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ ይፈቅዳሉ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለአጎታቸው ለዐባስ (ረ.ዐ) ይህን መፍቀዳቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ በጦርነቱ ከቀያቸው ለተፈናቀሉ የሰሜን ወሎ ሙስሊሞች የሚሆነውን ዘካ በግንቦትና በሰኔ ማድረስ የሚከለክል ነገር የለም።

የመስጂድ ጀመዓዎችና ማኅበራት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ለጋሹ ጠይቆ መስጠት ይገባዋል። እህሉ የሚገዛው መቼ ነው? መንገዱ ክፍት መሆኑ ተረጋግጧል? ክረምቱ ሳይገባ ከሆነ የዘር ገብስና ባቄላ አብሮ ይገዛል? በጥሬ ገንዘብ መስጠት የሚሻለውስ የላሊበላ ገበያ እህል ያለው ሲሆን ብቻ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ብሩ ዋጋውን ከማናር አያልፍም። ስንዴ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የማስፈጫው አብሮ ይታሰብ።